የቴስቶስትሮን ሕክምና በኦንላይን፦ የካርድ ቁጥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ ፋርማሲ እሰራለሁ። ፋርማሲስት ነኝ። የአገሬ ልጆች ስለ ቴስቶስትሮን፣ ማለትም ስለ ወንድነት ሆርሞን፣ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሰልፉ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው ስልካቸውን ያሳዩኛል። «እህቴ፣ ይሄ ነገር ያዋጣል?» ስልኩ ላይ ማስታወቂያ አለ። ድካም፣ ቦርጭ፣ መነጫነጭ፣ የወሲብ ፍላጎት ማነስ፤ ሁሉም በአንድ መርፌ ይስተካከላል ይላል። ከስሩ «በወር 149 ዶላር» ተጽፏል።

ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በግልጽ እንደምናወራው ሁሉ ይሄም የጤና ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው በሹክሹክታ ሲጠይቅ ዋጋ የማያወዳድር መሆኑ ነው። ሐኪሙን አይጠይቅም፣ ለሚስቱም አይናገርም። ካርዱን ያስገባና በየወሩ ይቆረጥበታል። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፈው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። መድኃኒቱ ራሱ ርካሽ ነው። ለኦንላይን ድርጅት ከምትከፍሉት አብዛኛው የሐኪሙ፣ የምርመራውና የክትትሉ ዋጋ መሆን አለበት። አንድ አገልግሎት ያዋጣል አያዋጣም የሚባለውም በዚህ ነው። ክትትል ከሌለው በወር 79 ዶላርም ውድ ነው።

መጀመሪያ በእርግጥ መጉደሉን እወቁ

የአሜሪካ የዩሮሎጂ (የሽንት መስመርና የወንድ ብልት ሕክምና) ማኅበር መመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ምልክት መኖር አለበት፦ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ ጠዋት ላይ ይከሰት የነበረው የብልት መቆም መጥፋት፣ የማይለቅ ድካም፣ የጡንቻ መቀነስ። ሁለተኛ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ጠዋት በተወሰደ ደም ጠቅላላው ቴስቶስትሮን ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች መሆን አለበት። ምልክት ሳይኖር ቁጥሩ ብቻ ዝቅ ቢል፣ ወይም ቁጥሩ ደህና ሆኖ ድካም ብቻ ቢኖር፣ መርፌ ለመጀመር አይበቃም።

«ጠዋት» የተባለው ለወጉ አይደለም። ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ ብሎ ቀን ላይ ይወርዳል። ምግብ፣ በተለይ ጣፋጭ ነገር፣ ይበልጥ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ በሀበሻ አቆጣጠር ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ በፈረንጁ ከ8 እስከ 10 ባለው ጊዜ፣ ቁርስ ሳትበሉ ተመርመሩ። ከሰዓት በኋላ በተወሰደ ደም «ጎድሎሃል» የተባለ ሰው ገና በትክክል አልተመረመረም። ጉንፋን ወይም ሌላ ሕመም ይዟችሁ ከሆነም እስኪሻላችሁ ጠብቁ። ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን አንዳንድ የሆርሞን ምርመራዎችን ስለሚያዛባ፣ የምትወስዱ ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ።

እዚህ ላይ ስለ እንቅልፍ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ የእኛን ሰው በቀጥታ የሚመለከት ነውና። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ቀን ኡበር ነድተው ሌሊት ፓርኪንግ ወይም ሆቴል የሚያድሩ ናቸው። በ2011 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለአንድ ሳምንት ያህል በቀን 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አደረጉ። የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። እነዚህ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ምንም ያልጎደላቸው ልጆች ናቸው። እንግዲህ በ48 ዓመቱ ለዓመታት አራትና አምስት ሰዓት ሲተኛ የኖረ ሰው ቁጥሩ ቢወርድ ምን ይገርማል? ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ ላብራቶሪ አትሂዱ። የእንቅልፍ ሰዓታችሁን ለሐኪሙ ንገሩ፣ ደሙ መቼ ቢወሰድ እንደሚሻልም ጠይቁ።

ሚስታችሁ «ስትተኛ ትንፋሽህ ይቆማል» ብላችሁ የምታውቅ ከሆነ መጀመሪያ የስሊፕ አፕኒያ ምርመራ አድርጉ። ውፍረት፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ ፕሬድኒሶን የሚባለው ስቴሮይድ፤ እነዚህም ሆርሞኑን ያወርዳሉ። ክብደት መቀነስ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ መነሻው አንጎል ስር ያለው ፒቱታሪ የሚባለው እጢ ላይ የወጣ ትዩመር ይሆናል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ዝቅ ሲል ከፒቱታሪ የሚመነጨው ኤልኤች የተባለው ሆርሞን፣ እንደ ሁኔታውም ሌላው የፒቱታሪ ሆርሞን ፕሮላክቲን፣ መታየት ያለበት። ጣት ተወግቶ በተላከ ጠብታ አንድ ቁጥር ብቻ አይቶ መድኃኒት የሚልክ ድርጅት ምክንያቱን እየፈለገ አይደለም።

ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ እዚህ ጋ ቁሙ

ይሄን ክፍል ማንም እንዲዘልለው አልፈልግም። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን ለአንጎል «በቂ አለ» የሚል መልእክት ይሰጣል። አንጎልም የዘር ፍሬዎችን የሚያሰራውን ትእዛዝ ያቆማል። ስፐርም ይቀንሳል፤ ጭራሽ ሊጠፋም ይችላል። መርፌው ከቆመ በኋላ ለመመለስ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ። ሙሉ በሙሉ የማይመለስላቸውም አሉ።

የሚስቱ ፕሮሰስ አልቆ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ «ሰውነቴን ላስተካክል» ብሎ በኦንላይን የጀመረ ደንበኛ አለኝ። ሚስቱ መጣች፣ ልጅ ግን እንደታሰበው አልመጣም። መድኃኒቱ ስፐርም እንደሚያጠፋ ያወቀው ከእኔ ነው። ድርጅቱ ነገሩን ያነሳው ረጅም ቅጽ ውስጥ በአንድ የምልክት ሳጥን ነበር። እንግሊዝኛው ሕግ ሕግ የሚሸት፣ አንብቦ የሚጨርሰው የሌለ ቅጽ። ሰውየው አሁን ዩሮሎጂስት ጋ እየታከመ ነው። በዚያ ላይ ያወጣው ወጪ በመርፌው ካወጣው በጣም ይበልጣል።

ልጅ የምትፈልጉ ወይም ገና ያልወሰናችሁ ከሆነ መጀመሪያ ዩሮሎጂስት እዩ። ክሎሚፊን የሚባል ክኒን እና ኤችሲጂ የሚባል መርፌ አሉ። ሐኪሞች ስፐርምን ሳያጠፉ የራስን ሆርሞን ለማነሳሳት ይጠቀሙባቸዋል። አንዳንድ የኦንላይን ድርጅቶች ደግሞ ኤንክሎሚፊን ይሸጣሉ። ይሄኛው በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው በኤፍዲኤ የጸደቀ መድኃኒት እንዳልሆነ እያወቃችሁ ወስኑ።

አሁን ሒሳቡን እናስላ

በብዛት የሚታዘዘው ቴስቶስትሮን ሳይፒዮኔት ነው። በጡንቻ የሚወጋ፣ ዘይት ያለበት ፈሳሽ ነው። የተለመደው ብልቃጥ 1 ሚሊሊትር ሲሆን ውስጡ 200 ሚሊግራም አለ። በሳምንት 100 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው በወር ሁለት ብልቃጥ ገደማ ይበቃዋል። ያለ ኢንሹራንስ፣ በጉድአርኤክስ ዓይነት የቅናሽ ኩፖን፣ አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 40 ዶላር ባለው መካከል ይሸጣል። በፋርማሲዎች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቦታ ደውሉ። መርፌና ሲሪንጅ ጥቂት ዶላር ነው። ቆዳ ላይ የሚቀባው ጄል ዋጋው ከዚህ ይበልጣል። በቅርብ ዓመታት የጸደቁት እንደ ጃቴንዞና ካይዛትሬክስ ያሉት የሚዋጡ መድኃኒቶች ያለ ኢንሹራንስ ከመርፌው ጋር የሚወዳደር ዋጋ የላቸውም።

የአንድ ዓመቱን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ።

በኦንላይን፦ 149 ዶላር በ12 ወር 1,788 ዶላር ነው። ለመጀመሪያው ምርመራ 60፣ ለሁለት የክትትል ምርመራዎች 150 ጨምሩ። ድምሩ 1,998 ዶላር።

በፕሪማሪ ዶክተር፣ ኢንሹራንስ ላለው፦ ሦስት ቀጠሮ በ40 ዶላር ኮፔይ 120። የላብራቶሪ ድርሻችሁ 60 ቢሆን፣ መድኃኒቱ በወር 20 ቢሆን በዓመት 240። ድምሩ 420 ዶላር።

በፕሪማሪ ዶክተር፣ ኢንሹራንስ ለሌለው፦ ሦስት ቀጠሮ በ150 ዶላር 450። ላብራቶሪ 250። መድኃኒት በወር 50 በዓመት 600። ድምሩ 1,300 ዶላር። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በገቢያችሁ ልክ ስለሚያስከፍሉ ከዚህም ይወርዳል። እዚያ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ። ይሄን ዓይነት ጉዳይ በልጃችሁ አፍ ማስተርጎም አይጠበቅባችሁም።

ኢንሹራንስ ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ብዙዎቹ ኢንሹራንሶች መድኃኒቱን ለመክፈል ሁለቱን የጠዋት ውጤቶች ማየት ይፈልጋሉ። በትክክል መመርመር ለጤናም ለኪስም የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የኦንላይን ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ አይቀበሉም። በሥራችሁ ኤችኤስኤ ወይም ኤፍኤስኤ (ከግብር ነጻ የሆነ የጤና ወጪ ሒሳብ) ካላችሁ ግን በእሱ መክፈል ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ።

እንግዲህ ኢንሹራንስ ላለው የ1,500 ዶላር ገደማ ልዩነት አለ ማለት ኦንላይን ሁልጊዜ ኪሳራ ነው ማለት አይደለም። የዩሮሎጂስት ቀጠሮ ወራት በሚወስድበት ከተማ፣ ወይም በሥራ ሰዓት መውጣት የማይችል ሰው ከሆናችሁ፣ ወይም ሐኪማችሁ ጉዳዩን ስታነሱ «ዕድሜ ነው» ብሎ የሚያልፈው ከሆነ፣ ጥሩ የኦንላይን አገልግሎት ዋጋውን ያወጣል። በወር በ150 ዶላር ውስጥ ሐኪም፣ ምርመራ፣ መድኃኒትና ማጓጓዣ ሁሉም ከተካተተ ተመጣጣኝ ነው እላለሁ። አብዛኛው ጊዜ ግን 150ው የአባልነት ክፍያ ብቻ ሆኖ ሌላው ለብቻው ይመጣል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ደውላችሁ የምትጠይቁት

በጽሑፍ እንዲመልሱላችሁ አድርጉ። ኢሜይል ይበቃል።

ወርሃዊው ክፍያ መድኃኒቱን፣ ምርመራውን፣ መርፌውንና ማጓጓዣውን ያካትታል? የመጀመሪያው ወር ቅናሽ ካለቀ በኋላ ስንት ይሆናል? የማቆሚያው መንገድ ምንድን ነው፣ የስድስት ወር ውል አለው?

የሚያዝልኝ ሰው ማን ነው? ስሙን ጠይቁና እናንተ የምትኖሩበት ስቴት ፈቃድ እንዳለው በስቴቱ የሐኪሞች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። በነጻ ነው፣ ጊዜም አይወስድም። ቨርጂኒያ እየኖራችሁ የቴክሳስ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ሊያዝላችሁ አይገባም።

ማዘዣውን ወደ ራሴ ፋርማሲ ትልኩልኛላችሁ? እኔ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ ብባል ይሄን እመርጥ ነበር። «አዎ» ካሉ አንዱን ብልቃጥ በ20 ወይም 30 ዶላር ከሰፈራችሁ ትወስዳላችሁ፣ ለእነሱ የምትከፍሉት ለሕክምናው ይሆናል። «አንልክም፣ ከእኛ ፋርማሲ ብቻ ነው» ካሉ ትርፋቸው ከየት እንደሚመጣ አወቃችሁ። የሚልኩት መድኃኒት በፋብሪካ የተመረተ በኤፍዲኤ የጸደቀ ነው ወይስ ፋርማሲ ውስጥ የተቀመመ ብላችሁም ጠይቁ። የተቀመመው በሕግ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል፤ ኤፍዲኤ ግን ጥራቱን ገምግሞ አላጸደቀውም።

ከጀመርኩ በኋላ ደሜን መቼ ታያላችሁ? ሄማቶክሪቴ፣ ማለትም ደሜ ውስጥ ያለው የቀይ ሴል ድርሻ፣ ስንት ሲደርስ ታቆማላችሁ? የዚህን መልስ እናንተም እወቁት። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሴልን ያበዛል፣ ደሙ ይወፍራል። ሄማቶክሪት 54 በመቶ ሲደርስ መድኃኒቱ ይቆማል ወይም መጠኑ ይቀነሳል። ይሄን ያለማመንታት መመለስ ያልቻለ ድርጅት ገንዘባችሁ አይገባውም። ለሁሉም ደንበኛ በሳምንት 200 ሚሊግራም የሚያዝ፣ ወይም «ቁጥርህን 1,000 እናደርሰዋለን» የሚልም እንደዚያው። የዩሮሎጂ ማኅበሩ የሚያነጣጥረው ከ450 እስከ 600 ባለው መካከል ነው።

ተጨማሪ መድኃኒት ሲያቀርቡላችሁም ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ኢስትሮጅንን የሚቀንሰው አናስትሮዞል የሚባለው ክኒን በየጥቅሉ ይታከላል፤ አብዛኛው ሰው አያስፈልገውም።

ምን እንደምትጠብቁ

በ2016 ውጤታቸው የወጣ ጥናቶች አሉ። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ሆርሞናቸው የወረደ 790 ወንዶች ለአንድ ዓመት የቴስቶስትሮን ጄል ወይም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ጄል ተጠቀሙ። የወሲብ ፍላጎትና ተግባር በመጠኑ ተሻሻለ። ስሜትም ትንሽ ተሻሻለ። ጉልበትን በሚለካው ዋና መለኪያ ግን ከባዶው ጄል የተለየ ጉልህ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ብቸኛው ችግራችሁ ድካም ከሆነ በወር 149 ዶላር የምትገዙት ነገር ላይረዳችሁ ይችላል። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የስኳርና የእንቅልፍ ምርመራ ይቅደም።

ስለ ልብ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። በ2023 የወጣው ትልቅ ጥናት የልብ በሽታ ያለባቸውን ወይም የተጋለጡ ከ5,000 በላይ ወንዶችን ተከታትሏል። ሃርት አታክና ስትሮክ በቴስቶስትሮን ምክንያት አልበዛም። ነገር ግን የልብ ምት መዛባት፣ ሳንባ ውስጥ የደም መርጋትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በመድኃኒቱ ወገን በዝተው ታይተዋል። በ2025 ኤፍዲኤ የሁሉንም ቴስቶስትሮን መግለጫ ሲያስተካክል ስለ ደም ግፊት መጨመር ማስጠንቀቂያ እንዲገባ አድርጓል። በዕድሜ ብቻ ለመጣ መቀነስ መድኃኒቱ እንዳልጸደቀ የሚገልጸው ጽሑፍም ያኔ እንዲቆይ አድርጓል።

ስለዚህ ደም ግፊታችሁን ቤት ለኩ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ቴስቶስትሮንና ሄማቶክሪት ይታይ፣ ከዚያም በየጊዜው። ከ40 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ይታይ። ከዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ ተቀምጣችሁ የምትበሩ ከሆነ ለሐኪማችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ እግራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ፣ ውሃ እየጠጣችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታም ደምን ያወፍራል። ወራት የምትቆዩ ከሆነ ሄማቶክሪቱ እዚያም ይታይ።

ጄል የምትጠቀሙ አባቶች አደራ። ጄሉ በቆዳ ንክኪ ወደ ልጅና ወደ ሚስት ይተላለፋል። ሕጻናት ላይ ያለጊዜው የጉርምስና ምልክት ስላስከተለ ኤፍዲኤ በ2009 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። ተቀብታችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሲደርቅ በልብስ ሸፍኑት፣ ሳትታጠቡ ሕጻን አትታቀፉ። ቤታችሁ ትንንሽ ልጆች ካሉ እኔ መርፌውን እመርጣለሁ።

ሕጉ

ቴስቶስትሮን በአሜሪካ ከ1991 ጀምሮ በሦስተኛው ምድብ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ማዘዣው ከስድስት ወር በላይ አይሰራም፣ በውስጡም ከአምስት ጊዜ በላይ አይደገምም። ስትወስዱ በስቴቱ መዝገብ ላይ ይገባል። ያለ ማዘዣ የሚልክላችሁ ድረ ገጽ ሕገወጥ ነው፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለውንም ማንም አላየውም። የራሳችሁን ለጓደኛ ማካፈል፣ በሻንጣ ለወንድም መላክም ወንጀል ነው። በደግነት የሚደረግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አታድርጉት።

በ2008 የወጣው የራያን ሄይት ሕግ እንዲህ ዓይነት መድኃኒት በኢንተርኔት ከመታዘዙ በፊት ሐኪሙ ቢያንስ አንዴ በአካል እንዲያያችሁ ያስገድዳል። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ላላ፣ ከዚያም በተደጋጋሚ ተራዘመ። መላላቱ ቋሚ ሕግ ስላልሆነ፣ ስትመዘገቡ «ደንቡ ቢቀየር በአካል የሚያየኝ ሐኪም አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለንም ካሉ መሃል መንገድ ላይ ያለ መድኃኒት ልትቀሩ ትችላላችሁ።

ጀምራችሁ ወደ ሌላ መዞር ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ሰብስክሪፕሽኑን ከመሰረዛችሁ በፊት የላብራቶሪ ውጤቶቻችሁን በሙሉ አውርዱ፣ በተለይ ከመጀመራችሁ በፊት የተወሰዱትን ሁለቱን። አዲሱ ሐኪም እነሱን ካላየ ከባዶ ለመመርመር መድኃኒቱን ሊያስቆማችሁ ይችላል። መድኃኒቱ ከማለቁ አንድ ወር አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። የቀረ ድግግሞሽ ያለው ማዘዣ ካላችሁ ከፋርማሲ ወደ ፋርማሲ ማዛወር በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እሱም በፋርማሲስቶቹ መካከል የሚደረግ ስለሆነ፣ ልትወስዱበት ወደምትፈልጉት ፋርማሲ ደውሉና «ከዚያኛው አዛውሩልኝ» በሉ። የቀረውን እኛ እንጨርሳለን።